ጽሑፌ የየትኛውን ደራሲ ይመስላል? የአጻጻፍ ስልትን የሚያነጻጽሩ ድረ ገጾች፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ጽሑፋችሁን አይተው «እገሌን ትመስላለህ» ስለሚሉ ድረ ገጾች ሰዎች ደጋግመው የሚጠይቁኝን ከቀላሉ ጀምሬ እመልሳለሁ፤ ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

እነዚህ ድረ ገጾች ምንድን ነው የሚሠሩት?

አንድ ባዶ ሳጥን አለ። የጻፋችሁትን ኮፒ አድርጋችሁ እዚያ ትለጥፋላችሁ። ቁልፍ ትጫናላችሁ፣ ወዲያው የአንድ ታዋቂ ደራሲ ስም ይወጣል። በቃ ይኸው ነው።

በጣም የታወቀው «አይ ራይት ላይክ» የሚባለው ነው። በ2010 ሐምሌ ወር አካባቢ ነው ስሙ የገነነው። የሠራው ዲሚትሪ ቼስትኒክ የሚባል ሩሲያዊ ፕሮግራመር ነው፤ ያኔ ገና 27 ዓመቱ ነበር፣ የሚኖረውም ሞንቴኔግሮ ነበር። በጥቂት ቀናት ውስጥ የእንግሊዝኛውን ኢንተርኔት አጥለቀለቀው። ሰው ሁሉ የወጣለትን ስም ፌስቡክና ትዊተር ላይ ይለጥፍ ነበር። ከዚያ ወዲህ ብዙ ተመሳሳዮች መጥተዋል።

ኮምፒውተሩ ማንን እንደምመስል በምን ያውቃል?

ቆጥሮ ነው። ጽሑፋችሁን እንደ ሰው አያነበውም፣ ታሪኩም አይገባውም። የትኞቹን ቃላት እንደተጠቀማችሁ፣ ዓረፍተ ነገራችሁ ስንት ቃል እንዳለው፣ ኮማና ሴሚኮለን ምን ያህል እንደምታበዙ ይቆጥራል። ከዚያ ቀድሞ ከተማራቸው ደራሲዎች ቁጥር ጋር ያስተያያል።

ቼስትኒክ የተጠቀመበት ዘዴ በየቀኑ ኢሜይላችሁ ላይ የሚሠራው ዘዴ ነው። «ሎተሪ ደርሶሃል» የሚለው መልእክት ራሱን ችሎ ወደ ቆሻሻው ሳጥን የሚሄደው እኮ ማጣሪያው ከዚህ በፊት ካያቸው የማጭበርበሪያ መልእክቶች ጋር በቃላቱ ስለሚመሳሰልበት ነው። በ18ኛው ክፍለ ዘመን በኖረው እንግሊዛዊ ቄስና የሒሳብ ሰው በቶማስ ቤይዝ ስም የሚጠራ የዕድል ስሌት ነው። ኢሜይሉ ላይ ያሉት ሳጥኖች ሁለት ናቸው፤ ደህና መልእክት እና ቆሻሻ። እዚህ ግን ሳጥኖቹ ሃምሳ ያህል ናቸው፣ በእያንዳንዳቸው ላይም የአንድ ደራሲ ስም ተጽፏል።

አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። ማሽኑ «ማንንም አትመስልም» የሚል ሳጥን የለውም። የሠፈር እድር ማስታወቂያ ተርጉማችሁ ብትሰጡትም የአንድ ደራሲ ስም ያወጣል።

የትልቅ ደራሲ ስም ከወጣልኝ ጎበዝ ጸሐፊ ነኝ ማለት ነው?

አይደለም። ይህን የምለው ማንንም ለማሳዘን ብዬ አይደለም። ማሽኑ ጥሩና መጥፎ የሚለይበት መለኪያ የለውም፤ መቀራረብን ብቻ ነው የሚለካው። ረጅም ዓረፍተ ነገር ከጻፋችሁ ረጅም ከሚጽፍ ደራሲ ጋር ያገናኛችኋል። ዓረፍተ ነገሩ ያምር አያምር እንደሆነ አያውቅም።

ለዚህ የምወደው ማስረጃ ካናዳዊቷ ደራሲ ማርጋሬት አትውድ ናት። ድረ ገጹ በወጣ ሰሞን እሷም ሞከረችው። የወጣላት ስም የአስፈሪ ልብ ወለዶች ጸሐፊው ስቲቨን ኪንግ ነበር። የራሷን ድምፅ ዕድሜ ልኳን የገነባች ጸሐፊ በሌላ ሰው ስም ከተጠራች፣ እኔና እናንተም የሚወጣልንን ስም በልኩ ብንይዘው ነው የሚሻለው።

ጠዋት አንድ ደራሲ፣ ማታ ሌላ ደራሲ የሚወጣልኝ ለምንድን ነው?

የለጠፋችሁት ጽሑፍ ስለተለያየ ነው። ጠዋት ስለ መርከብ ጉዞ ጻፋችሁ፤ «ባሕር»፣ «ማዕበል»፣ «ካፒቴን» የሚሉ ቃላት ስለበዙ ማሽኑ ስለ ባሕር ወደጻፈው ደራሲ ይወስዳችኋል። ማታ ስለ ግድያ ጻፋችሁ፤ ወደ አስፈሪ ልብ ወለድ ጸሐፊ ትሄዳላችሁ። ይህ የርዕስ ጉዳይ እንጂ የስልት ጉዳይ አይደለም። የእነዚህ መሣሪያዎች ትልቁ ድክመትም ይኸው ነው፦ *ስለ ምን* እንደጻፋችሁና *እንዴት* እንደጻፋችሁ ያደባልቁታል።

ሌላው ምክንያት የጽሑፉ ማነስ ነው። አንዲት አንቀጽ ላይ ሦስት ቃል ብትቀይሩ ውጤቱ ሊገለበጥ ይችላል። እስቲ ሞክሩት፤ ያንኑ አንቀጽ የሰዎቹን ስም ብቻ ቀይራችሁ መልሳችሁ ለጥፉት።

ታዲያ ምን ያህል ጽሑፍ ልስጠው?

የቻላችሁትን ያህል። ማቼይ ኤደር የሚባል ፖላንዳዊ ተመራማሪ ይህንኑ ጥያቄ ይዞ በደንብ ሠርቶበታል። ልብ ወለድ ላይ የጸሐፊውን ማንነት በእርግጠኝነት ለመለየት 5,000 ቃል ገደማ ያስፈልጋል የሚል ውጤት ላይ ደርሷል። ይህ እንግዲህ መለስተኛ አጭር ልብ ወለድ ያህል ነው። አብዛኛው ሰው ድረ ገጹ ላይ የሚለጥፈው 200 ቃል የማይሞላ የፌስቡክ ጽሑፍ ነው።

ሄሚንግዌይ የሚባለው መሣሪያም እንዲሁ ነው?

ስሙ ነው የሚያሳስተው። ሄሚንግዌይ ኤዲተር ከማንም ጋር አያነጻጽራችሁም። ረጅም ዓረፍተ ነገር፣ የበዛ ተውሳከ ግስና ተገብሮ ግስ ሲያይ በቀለም ያሰምርበታል። አሜሪካዊው ደራሲ ኧርነስት ሄሚንግዌይ አጭርና ግልጽ በመጻፍ ስለሚታወቅ ስሙን ወሰዱለት። የሚሠራውም ለእንግሊዝኛ ነው።

ቻትጂፒቲን «ማንን እመስላለሁ?» ብዬ ብጠይቀውስ?

ይመልስላችኋል፣ መልሱም ያምራል። ግን የሚቆጥር አይመስላችሁ። ቁጥር ካልጠየቃችሁት በስተቀር እንደነዚያ ድረ ገጾች የእያንዳንዱን ደራሲ መረጃ አውጥቶ አያስተያይም። ብዙ ስላነበበ አሳማኝ የሚመስል አስተያየት ይሰጣል። ማስደሰትም ይወዳል። አንዱን ጽሑፍ ሁለት ጊዜ ብትጠይቁት ሁለት የተለያዩ ስሞች ሊነግራችሁ ይችላል፣ ለሁለቱም ደግሞ ጥሩ ምክንያት ይደረድራል።

እኔ የምመክረው ጥያቄውን ቀይራችሁ እንድትጠይቁት ነው። «የማንን እመስላለሁ» ከማለት «ደጋግሜ የምጠቀምባቸውን ቃላት አሳየኝ፣ ከነዓረፍተ ነገሩ ጥቀስልኝ» በሉት። ያኔ የጠቀሰውን ከጽሑፋችሁ ጋር ራሳችሁ ማመሳከር ትችላላችሁ። ካላመሳከራችሁ ግን አትመኑት።

ከዚህ ሁሉ ጀርባ እውነተኛ ሳይንስ አለ ወይስ ጨዋታ ነው?

ድረ ገጾቹ ጨዋታ ናቸው። ሳይንሱ ግን አለ፣ ያውም ኮምፒውተር ከመፈጠሩ በፊት የጀመረ ነው። ስታይሎሜትሪ ይሉታል፣ ስልትን መለካት እንደ ማለት ነው። ቶማስ ሜንደንሆል የሚባል አሜሪካዊ የፊዚክስ ሊቅ በ1887 የቃላትን ርዝመት እየቆጠረ የደራሲዎችን መለያ ለማግኘት ሞክሯል። ባለሁለት ፊደል ቃል ስንት፣ ባለሦስት ስንት እያለ፣ በእጅ!

ዝነኛው ሥራ የመጣው በ1964 ነው። ከ1787 እስከ 1788 የአሜሪካ ሕገ መንግሥት እንዲጸድቅ የሚከራከሩ 85 ጽሑፎች በአንድ የብዕር ስም ወጥተው ነበር። ጸሐፊዎቹ አሌክሳንደር ሃሚልተን፣ ጄምስ ማዲሰንና ጆን ጄይ ናቸው። 12ቱ ግን የሃሚልተን ይሁኑ የማዲሰን ብዙ ዘመን አከራክረዋል። ሁለቱም ፖለቲከኞች ናቸው፣ ርዕሱ አንድ ነው፣ የዘመኑ አጻጻፍም አንድ ነው። ፍሬድሪክ ሞስቴለርና ዴቪድ ዋላስ የሚባሉ ሁለት የስታቲስቲክስ ምሁራን ትልልቆቹን ቃላት ትተው ትንንሾቹን መቁጠር ጀመሩ። «አፖን» የምትለዋ፣ «ላይ» እንደ ማለት የሆነች የእንግሊዝኛ ቃል ጉዳዩን ገላለጠችው። ሃሚልተን በሺህ ቃል ውስጥ ሦስት ጊዜ ገደማ ይጠቀምባታል፤ ማዲሰን ከነጭራሹ አያነሳትም ማለት ይቻላል። እንዲህ ያሉ ቃላትን ሰብስበው አሰሉና 12ቱም የማዲሰን ናቸው አሉ።

ለምን ትንንሾቹ ቃላት? ምክንያቱም ማንም ልብ አይላቸውም። ትልልቆቹን ቃላት እኛ እንመርጣቸዋለን፣ ለርዕሱም እንቀያይራቸዋለን። ትንንሾቹ ግን ሳናስባቸው ነው ከእጃችን የሚወጡት። ስለ ሠርግም ጻፉ ስለ ልቅሶ አብረዋችሁ ናቸው። አንድ ሰው አረማመዱን ከሩቅ አይታችሁ እንደምትለዩት ማለት ነው። እሱ ራሱ እንዴት እንደሚራመድ አያውቀውም፣ ጎረቤቱ ግን ያውቃል።

የሃሪ ፖተር ደራሲ በዚህ ዘዴ ተያዘች የሚባለው እውነት ነው?

ግማሹ እውነት ነው። በ2013 ሮበርት ጋልብሬይዝ የሚባል ሰው የመጀመሪያ የወንጀል ልብ ወለዱን አሳተመ። ሐምሌ ላይ ለእንግሊዙ ሰንደይ ታይምስ ጋዜጣ ጸሐፊዋ ጄ. ኬ. ሮውሊንግ ናት የሚል ጥቆማ ደረሰ። ጋዜጣው ጽሑፉን ለፓትሪክ ጁኦላና ለፒተር ሚሊካን ሰጠ፤ ሁለቱም በዚህ ሥራ የሚታወቁ ምሁራን ናቸው። ጁኦላ የሮውሊንግን ሌላ መጽሐፍና የሦስት ሌሎች ብሪታንያውያን ሴት ደራሲዎችን ሥራ ጎን ለጎን አድርጎ አስተያየ። የቃላት ርዝመት፣ መቶ በጣም ተደጋጋሚ ቃላት፣ ተከታትለው የሚመጡ ጥንድ ቃላት፣ እንዲሁም አራት አራት ፊደል እየቆረጠ የሚመጣውን ድግግሞሽ ለካ። ውጤቱ ወደ ሮውሊንግ አጋደለ። ጋዜጣው ሲጠይቃት አመነች።

ቅደም ተከተሉን ግን አትርሱ። መጀመሪያ የመጣው ጥቆማው ነው። ጥቆማው የወጣው ከሕግ ጠበቆቿ ቢሮ መሆኑ በኋላ ታውቋል። ኮምፒውተሩ በዓለም ላይ ካለ ጸሐፊ ሁሉ መካከል አልፈለጋትም። «ከእነዚህ አራቱ ማን ይቀርባል?» የሚል ጥያቄ ነበር የቀረበለት። ጁኦላ ራሱም ይህ ማረጋገጫ ሳይሆን ፍንጭ እንደሆነ ነው የተናገረው።

በአማርኛ የጻፍኩትን ብለጥፍስ?

የማይረባ መልስ ነው የምታገኙት። እኔ የማውቃቸው እነዚህ ድረ ገጾች የተማሩት እንግሊዝኛ ብቻ ነው። የኢትዮጵያ ደራሲ ዝርዝራቸው ውስጥ የለም። በጉግል ተርጉሜ ልስጠው የሚሉም አሉ፤ ያኔ የሚለካው የጉግልን እንግሊዝኛ እንጂ የእናንተን እጅ አይደለም።

ደራሲዎቻችንን ጨምረን ብንሠራውስ? ደስ ይለኛል፣ እንዲሠራም በጣም እፈልጋለሁ። ግን የእንግሊዝኛውን ገልብጦ ማምጣት አይበቃም። እንግሊዝኛ ላይ በተናጠል የሚቆሙት ትንንሽ ቃላት አማርኛ ላይ ከሌላው ቃል ጋር ተጣብቀዋል። በ፣ ለ፣ ከ፣ የ ብቻቸውን አይቆሙም። «አልነገርኳቸውም» ለቃል ቆጣሪ አንድ ቃል ናት፤ ውስጧ ግን አፍራሹም፣ ግሱም፣ እኔም፣ እነሱም አለን። ስለዚህ ባዶ ቦታ እያየ የሚቆጥር ፕሮግራም የአማርኛን ስልት አያገኘውም። የኛ ስልት ያለው ቅጥያው ላይ ነው። «እኔ አላውቅም»፣ «እኔስ አላውቅም»፣ «እኔማ አላውቅም»፣ «እኔኮ አላውቅም» በሉና ስሙት። አራት የተለያዩ ሰዎች የተናገሩት ነው የሚመስለው። አንዱ ጸሐፊ «ስ» ይወዳል፣ ሌላው ያለ «ኮ» አንቀጽ አይዘጋም። ያልተነካ ሀብት ነው።

ሌላው ፊደሉ ነው። ሀ፣ ሐ፣ ኀ አንድ ድምፅ ናቸው። ሰ እና ሠ፣ አ እና ዐ፣ ጸ እና ፀ እንዲሁ። ፀሐይ የሚለውን ቃል ብቻ ውሰዱ፤ መጀመሪያው ላይ ሁለት ምርጫ፣ መሐሉ ላይ ከነ ሃ፣ ሓ፣ ኃ ስድስት ምርጫ አለ። ሲባዛ 12 ነው። የለመደ ሰው «ሥራ» ይላል፣ ሌላው «ስራ»። ይህ የጸሐፊ መለያ ሊሆን ይችላል፣ ግን አራሚና አሳታሚ ከነካው ይጠፋል። ሐዲስ ዓለማየሁ የፊደል መሻሻልን ይደግፉ ስለነበር በፍቅር እስከ መቃብር ውስጥ ጠብቆ በሚነበበው ፊደል አናት ላይ ነጥብ አድርገው ነበር። ያንን ነጥብ የጣለ የኮምፒውተር ቅጂ ብትለኩ የእሳቸውን አንዱን መለያ ሳታዩት አለፋችሁ ማለት ነው። ስልክ ላይ ደግሞ በአራት ነጥብ ፈንታ ሁለት ጊዜ ኮለን የሚመታ ብዙ ሰው አለ፤ እሱን ያልተማረ ፕሮግራም ዓረፍተ ነገሩ የት እንዳለቀ አያውቅም።

እስከዚያው ድረስ የራሴን ስልት በራሴ ማየት እችላለሁ?

ትችላላችሁ፣ ያውም ከድረ ገጾቹ የተሻለ ነገር ታገኛላችሁ። የጻፋችሁትን ሁሉ አንድ ፋይል ውስጥ ሰብስቡ። ወርድ ላይ መፈለጊያውን ክፈቱና አንድ ቃል አስገቡ፤ ስንት ጊዜ እንዳለ ይነግራችኋል። «ነበር» ብላችሁ ጀምሩ። ቀጥሎ «ግን»፣ «ደግሞ»፣ «እንግዲህ»፣ «በጣም»፣ «ማለት ነው»። ከዚያ የምታደንቁትን ጸሐፊ ሁለት ሦስት ገጽ በእጃችሁ ገልብጣችሁ ያንኑ ቁጠሩ። ፋይሎቹ እኩል ስለማይሆኑ በየሺህ ቃሉ ስንት እንደሚደርስ አስሉት።

እኔ የሁለት ዓመት ጽሑፌን ሰብስቤ ይህንን አድርጌያለሁ። «በእርግጥ» የምትለዋ ቃል በየገጹ ተሰግስጋ አገኘኋት። አንድም ቀን ልብ ብያት አላውቅም። ገጾቹን እያተምኩ ቀይ እስክሪብቶ ይዤ ሳሰምርባት አንዱ ገጽ ላይ አምስት ደረሰች፣ አራቱ ያለምንም ጥቅም የገቡ ናቸው። ማውጣት ጀመርኩ። ሁሉንም አላወጣኋቸውም፤ አንዳንድ ቦታ ላይ ስትወጣ ዓረፍተ ነገሩ የኔ መሆኑ ይቀራል።

በእጅ መገልበጡን አትናቁት። ስትገለብጡ ነው ሰውዬው የት እንደሚያሳጥር፣ የት ትንፋሽ እንደሚሰጥ የሚገባችሁ።

ያልታተመ ሥራዬን እነዚህ ድረ ገጾች ላይ ብለጥፍ ሊሰረቅብኝ ይችላል?

የለጠፋችሁት ጽሑፍ ወደ ሌላ ሰው ኮምፒውተር ይሄዳል። እዚያ ይቀመጥ ወይ ይጥፋ የምታውቁት በድረ ገጹ የአጠቃቀም ደንብ ብቻ ነው። ደንቡ ያልተጻፈ ወይም ግልጽ ያልሆነ ከሆነ አትለጥፉ። ልብ ወለዳችሁን ካልታተመ አታስገቡት፤ ከዚህ በፊት በይፋ የወጣ ጽሑፍ ተጠቀሙ። የሰው ደብዳቤ፣ የመሥሪያ ቤት ሰነድ፣ የሕክምና ወረቀት ፈጽሞ አይሁን።

በብዕር ስም ነው የምጽፈው። በስልቴ ሊያውቁኝ ይችላሉ?

ይችላሉ፣ ሁልጊዜ ግን አይደለም። በስማችሁ የወጣ ብዙ ጽሑፍ ካለ፣ በብዕር ስሙም ብዙ ከጻፋችሁ፣ ተጠርጣሪዎቹም ጥቂት ከሆኑ አደጋው ከፍ ይላል። ቴሌግራም ላይ ሁለት ቻናል ያለው ሰው ይህን ቢያስብበት ጥሩ ነው።

መደበቅስ ይቻላል? በአሜሪካ ድሬክሰል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ሞክረውታል። በዚህ ሥራ ያልሠለጠኑ ሰዎችን መጀመሪያ እንደወትሯችሁ ጻፉ አሏቸው። ቀጥሎ ስልታችሁን ደብቁ፣ በመጨረሻም አሜሪካዊውን ደራሲ ኮርማክ ማካርቲን አስመስሉ አሏቸው። በተለመደው ጽሑፍ ጥሩ ይለዩ የነበሩት ፕሮግራሞች በተደበቀውና በተመሰለው ላይ በዕድል ከመገመት ብዙም አልተሻሉም። በማሽን ወደ ሌላ ቋንቋ ተርጉሞ መመለስ ግን ያን ያህል አልደበቀም። ችግሩ፣ ሆን ብሎ መደበቅ አንድ ገጽ ላይ ይቻላል፤ ለሁለት ዓመት በየቀኑ ሲሆን ግን እጅ ወደ ልማዱ ይመለሳል።

ከማሽኑ ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ የሚያውቃችሁ ሰው ነው። በአሜሪካ ቦምብ በፖስታ እየላከ ሰው ይገድል የነበረው ቴድ ካዚንስኪ 35,000 ቃል ገደማ ያለው ጽሑፉ በ1995 ዋሺንግተን ፖስት ላይ ታተመለት። መርማሪዎች ለዓመታት ሲፈልጉት ነበር። በጽሑፉ ያወቀው የገዛ ወንድሙ ዴቪድ ነው። መጀመሪያ የጠረጠረችው የዴቪድ ሚስት ናት፣ እሱም በእሷ ጉትጎታ አነበበው። ውስጡ ወንድሙ ከዚህ በፊት በደብዳቤ የጻፈለትን አነጋገር አገኘ፤ «ቀዝቃዛ ጭንቅላት ያላቸው የአመክንዮ ሰዎች» እንደ ማለት የሆነች፣ ሌላ ሰው የማይላት ሐረግ ነበረች። ካዚንስኪ ሚያዝያ 1996 ላይ ተያዘ።

ስለዚህ በብዕር ስም የምትጽፉ ከሆነ የጻፋችሁትን ከመልቀቃችሁ በፊት እንደ እህታችሁ ሆናችሁ አንብቡት። ቤት ውስጥ የምትሉት፣ እሷ ስትሰማው «ይቺማ የሱ ናት» የምትለው ሐረግ ካለ አውጡት።